ልጅን ልጅ ሲመራው፦ የፖላንድ ስካውቶች ታሪክ

ስካውት ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን አንገቱ ላይ ስካርፍ ያሰረ፣ በበዓል ቀን የተሰለፈ ልጅ ነው። ስለ ስካውት የሚጻፈውም በአብዛኛው ስብከት ቢጤ ነው። "ወጣቱን በሥነ ምግባር ያንጻል፣ የነገ መሪ ያፈራል" ይባላል፤ በዚያው ያልቃል። እንዴት ነው የሚያንጸው? ድንኳን መትከልና ገመድ መቋጠር የተማረ ልጅ በ40 ዓመቱ ለምን ከሌላው የተለየ ሰው ይሆናል? ይህን በንድፈ ሐሳብ መመለስ ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን ነገሩ በእሳት የተፈተነበትን አንድ አገር ማየት መርጫለሁ። አገሩ ፖላንድ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ግን እንግሊዝ ነው። ሮበርት ባደን ፓወል የተባለው መኮንን በቦር ጦርነት ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማፌኪንግ በምትባል ከተማ 217 ቀን ተከቦ ቆየ። ወታደር ስላነሰ የከተማዋ ነጭ ልጆች መልእክት እንዲያደርሱና ዘብ እንዲቆሙ ተደረገ። መኮንኑ ከዚያ ይዞት የወጣው ትዝብት ለልጅ የምር ሥራ ከሰጡት ይወጣዋል የሚል ነው። በዚያው ከበባ ለጥቁሮቹ ነዋሪዎች የተመደበው ራሽን ከነጮቹ ያነሰ ነበር፤ በራብ የሞቱትም ብዙ ናቸው። የስካውት መሥራች ታሪክ በተነሳ ቁጥር ይህ ይዘለላል፤ መዘለል ግን አልነበረበትም።

በ1907 ነሐሴ ላይ ባደን ፓወል ወደ 20 የሚሆኑ ልጆችን ብራውንሲ ወደምትባል ደሴት ወሰደ። ግማሾቹ ከሀብታም አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ግማሾቹ ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ ናቸው። በእንስሳና በወፍ ስም በተሰየሙ አራት ፓትሮሎች ከፈላቸው፤ በእያንዳንዱም ላይ ከልጆቹ አንዱን አለቃ አደረገ። በዓመቱ መጽሐፉን አሳተመ። የቀረው የስካውት ጌጥ ሁሉ፣ ቃለ መሐላው፣ ባጁ፣ ሰላምታው፣ በእኔ እምነት ሁለተኛ ነው። ዋናው ፈጠራ ፓትሮሉ ነው።

ፓትሮል ማለት ከ6 እስከ 8 የሚሆኑ ልጆች ናቸው። መሪያቸው 14 ወይም 15 ዓመት ቢሆነው ነው። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ማን እንደሚያበስል፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ እሱ ይወስናል። ቦታውን ካልመረጠ ሌሊት ዝናብ ይመጣና ሁሉም በስብሰው ያድራሉ፤ ጠዋት ፊታቸውን የሚያየው እሱ ነው። ትልቁ ሰው፣ አሠልጣኙ፣ ራቅ ብሎ ይቆማል። ይህ ለአሠልጣኙ ከባድ ነው፤ ሮጦ ማስተካከል ያምረዋላ።

ከእኛ የክፍል አለቃ ጋር አስተያዩት። የእኛ አለቃ ዋና ሥራው ምን ነበር? መምህሩ ሲወጣ የሚያወሩትን ልጆች ስም ጽፎ መስጠት። ተጠሪነቱ ወደ ላይ ነው፤ ጓደኞቹ ይፈሩታል ወይም ይጠሉታል። የፓትሮል መሪ ግን ነጋ ጠባ የሚተያየው ከሚመራቸው ልጆች ጋር ነው። እነሱ ካልተከተሉት ማንንም መጥራት አይችልም። አንዱ የሚያስተምረው አለቃን ማገልገል ነው፤ ሌላው ደግሞ ሰው በፈቃዱ እንዲከተልህ ምን ማድረግ እንዳለብህ ነው።

ይህ ሐሳብ ፖላንድ ሲደርስ ፖላንድ የሚባል መንግሥት በካርታ ላይ አልነበረም። አገሩ በሩሲያ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ ተከፋፍሎ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በዩክሬን ባለችው በልቪቭ ከተማ፣ ያኔ በኦስትሪያ ሥር፣ አንድሬይ ማውኮቭስኪ የሚባል ወጣት ተማሪ ነበር። እንደሚተረከው በአንድ የወጣቶች ማኅበር ልምምድ ላይ አርፍዶ ይመጣል፤ ቅጣቱም የባደን ፓወልን መጽሐፍ ወደ ፖላንድኛ መተርጎም ይሆናል። ቅጣቱ ሕይወቱ ሆነ። በ1911 የመጀመሪያዎቹ ቡድኖች ተቋቋሙ። ማውኮቭስኪ ሁለት ነገር ጨመረበት፤ አንደኛው ከመጠጥና ከትምባሆ መታቀብ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የአገር ነፃነት። የእሱ ስካውት ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ የሚሆን ልጅ አልነበረም፤ ገና ላልተወለደ መንግሥት የሚዘጋጅ ዜጋ ነበር። ፖላንድ በ1918 ነፃ ወጣች፤ እሱ በ1919 ጥር ላይ የተሳፈረበት መርከብ በመሲና ወሽመጥ ፈንጂ መትቶት ሰጠመ። ዕድሜው 30 ነበር።

ከዚያ ያለው ሃያ ዓመት በአብዛኛው የሰላም ጊዜ ነው፤ ካምፕ፣ መዝሙር፣ ውድድር። አልፈዋለሁ።

በ1939 መስከረም ጀርመኖች ዋርሶን ሲከቡ የስካውት ማኅበሩ መሪዎች በ27ኛው ቀን፣ ከተማዋ እጅ ልትሰጥ ስትል፣ ተሰብስበው ማኅበሩ በኅቡዕ እንዲቀጥል ወሰኑ። መሪያቸው ፍሎሪያን ማርቺኒያክ ይባላል። ስማቸውን "ግራጫ ሰልፎች" አሉት። የምስጢር ቋንቋቸው ከንብ እርባታ የተወሰደ ነው፦ ዋናው ጽሕፈት ቤት "የንብ ጓሮ"፣ አውራጃው "ቀፎ"፣ ወረዳው "መንጋ"፣ ቡድኑ "ቤተሰብ"፣ ፓትሮሉ ደግሞ "ንብ" ተባለ። ልብ በሉ፤ አዲስ የኅቡዕ መዋቅር መፈልሰፍ አላስፈለጋቸውም። እያንዳንዱ 6 እና 7 ሰው የሚያውቅበት፣ መሪው ቢያዝ ሌላው ተተክቶ የሚቀጥልበት መዋቅር ከሰላሙ ጊዜ ጀምሮ በእጃቸው ነበር።

ልጆቹን በዕድሜ ለዩአቸው። ከ18 ዓመት በላይ የሆኑት በትጥቅ ትግል ገቡ። ከ15 እስከ 17 ያሉት "ትንሹ አሻጥር" የሚባለውን ሥራ ያዙ፤ ግድግዳ ላይ መጻፍ፣ የጀርመን ፖስተር መቅደድ፣ በድምፅ ማጉያ ማወክ። ከ12 እስከ 14 ያሉት በውጊያ እንዳይሳተፉ ተከለከለ፤ እነሱ ለረዳትነት ሥራና ለፖስታ ይሠለጥናሉ። ጀርመኖች ለፖላንዳውያን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከልክለው ነበርና ትምህርቱ በየሰው ቤት በምስጢር ይሰጣል። የድርጅቱ ዕቅድ ሦስት ቃላት ነው፦ "ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ"። ዛሬ ኅቡዕ ትግል፣ ነገ ግልጽ አመፅ፣ ከነገ ወዲያ አገር ግንባታ። ሌሊት ቦምብ የሚሠራ ልጅ ቀን ሒሳብ እንዲያጠና የሚገደደው በሦስተኛው ቃል ምክንያት ነው። ስለ አመራር ብዙ ተጽፏል፤ በሞት መካከል ሆኖ ለ17 ዓመት ልጅ "ከነገ ወዲያ" የሚባል ነገር እንዳለ ማሳመን ግን በሥልጠና መጽሐፍ የሚገኝ አይመስለኝም።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ሦስቱ በአንድ የዋርሶ ትምህርት ቤት፣ በአንድ የስካውት ቡድን ያደጉ ናቸው። በምስጢር ስማቸው አሌክ፣ ሩዲና ዞሽካ ይባላሉ።

አሌክ ቀልደኛ ነው። ጀርመኖች በዋርሶ መካከል የሚገኘውን የኮፐርኒከስን ሐውልት ጽሑፍ በጀርመንኛ ሰሌዳ ሸፍነው የከዋክብት ተመራማሪውን ጀርመናዊ አደረጉት። በ1942 የካቲት በበረዶ ቀን አሌክ ወጣ ብሎ ብሎኑን ፈታና ሰሌዳውን አወረደ። ጀርመኖች ተናደው በበቀል የያን ኪሊንስኪን ሐውልት ነቀሉ። ኪሊንስኪ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሩሲያን በመቃወም የዋርሶን ሕዝብ ያነሳሳ ጫማ ሰፊ ነው። ሐውልቱን ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ደበቁት። አሌክ ሙዚየሙ ግድግዳ ላይ ኪሊንስኪ ራሱ የጻፈው አስመስሎ "የዋርሶ ሕዝብ ሆይ፣ እዚህ ነኝ" ብሎ በትልቁ ጻፈ። ቀጥሎ ከተማው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ለኪሊንስኪ መነቀል አጸፋ ክረምቱ በ6 ሳምንት እንዲራዘም መታዘዙን የሚገልጽ፣ ፈራሚው ኒኮላስ ኮፐርኒከስ። ያ ክረምት ደግሞ በሩሲያ ግንባር ጀርመኖችን እየፈጀ ነበር።

ከተማው ሳቀ። በወረራ ሥር ላለ ሕዝብ ሳቅ ትንሽ ነገር አይደለም። ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አላዘዘውም፤ አይቶ፣ አስቦ፣ በራሱ ኃላፊነት ያደረገው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ፓትሮል የሚያበቅለው።

በ1943 መጋቢት 23 ሩዲን ጌስታፖ ከቤቱ ያዘው። ሦስት ቀን ገረፉት፤ የጓደኞቹን ስም አላወጣም። መጋቢት 26 ከምርመራ ወደ ፓቪያክ እስር ቤት የሚመልሰውን መኪና 28 ስካውቶች የድሮው መሣሪያ ግምጃ ቤት አጠገብ ጠብቀው በቤንዚን ጠርሙስና በጠመንጃ መቱት። የጥቃቱን ቡድን የመራው ዞሽካ ነው፣ 22 ዓመቱ። ሩዲና ከ20 በላይ ሌሎች እስረኞች ወጡ። አሌክ ሆዱን ተመታ። መጋቢት 30 ሩዲ ከግርፋቱ የተነሳ፣ አሌክ ከቁስሉ የተነሳ በአንድ ቀን ሞቱ። ዞሽካ በዚያው ዓመት ነሐሴ በሌላ ጥቃት ተገደለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። ጀርመኖች በማግስቱ ፓቪያክ ውስጥ ከመቶ በላይ እስረኞችን ረሸኑ። አንድ ጓደኛን ለማዳን የተከፈለው ዋጋ ይህ ከሆነ ነገሩ ትክክል ነበር ወይ? ፖላንዳውያን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔም የተዘጋ መልስ የለኝም። የማውቀው ልጆቹ ዋጋውን ለሌላ አስተላልፈው ቤት የተቀመጡ አለመሆናቸውን ነው። የስካውት አሠልጣኝና መምህር የነበረው አሌክሳንደር ካሚንስኪ የሦስቱን ታሪክ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በኅቡዕ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ ዛሬ በፖላንድ ትምህርት ቤቶች የሚነበብ ነው።

በ1944 ነሐሴ 1 ዋርሶ አመፀች። 63 ቀን ቆየች። ያ የልጆቹ ፖስታ ያን ጊዜ ሥራ ጀመረ። ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ ስካውቶች የፖስታ ሣጥን በየመንገዱ ሰቀሉ፤ ደብዳቤው ከ25 ቃል አይበልጥም፣ ክፍያ የለውም። በቀን በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ በፍርስራሽና በፍሳሽ ቱቦ መካከል ያደርሱ ነበር። ይዘቱ በአብዛኛው ያው ነው፦ "እኛ ደህና ነን፤ እናንተስ?" በሌላ በኩል ዞሽካ ከሞተ በኋላ በስሙ የተጠራው የትላልቆቹ ስካውቶች ሻለቃ ነሐሴ 5 ቀን በማረኩት የጀርመን ታንክ ታግዞ ጌንሽዮቭካ የሚባለውን ማጎሪያ ካምፕ ያዘና 348 አይሁዶችን ነፃ አወጣ። ከወጡት ብዙዎቹ እዚያው ከልጆቹ ጋር ለመዋጋት ተሰለፉ።

ከዚያ ሻለቃ አብዛኛው አለቀ። ከተማዋም ከሥር መሠረቷ ፈረሰች።

ከተረፉት አንዱ ያን ሮዶቪች ነው፤ "አኖዳ" ይሉታል። በግምጃ ቤቱ ጥቃት ነበረ፣ በአመፁ ክፉኛ ቆስሏል። ጦርነቱ ሲያልቅ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሆነ፤ "ከነገ ወዲያ" ደርሷልና። በትርፍ ጊዜው የሞቱ ጓደኞቹን አስከሬን ከፍርስራሽ እያወጣ በክብር ያስቀብራል፣ የተረፉትን ትዝታ ይሰበስባል። አዲሱ ኮሚኒስት መንግሥት ይህ አልተመቸውም። በ1948 የገና ዋዜማ ሌሊት ያዙት። ጥር 7 ቀን 1949 ሞተ፤ ባለሥልጣናቱ ከአራተኛ ፎቅ ዘለለ አሉ። 25 ዓመቱ ነበር።

ፈላጭ ቆራጭ መንግሥታት ስካውትን የሚጠሉት ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባል። ሶቪየት ኅብረት በ1922 ፓዮኒርን አቋቁማ ስካውትን አጠፋች፤ ሙሶሊኒ ባሊላን፣ ሂትለር የሂትለር ወጣቶችን አመጣ። በፖላንድም ማኅበሩ በ1950 ገደማ በመንግሥት የወጣቶች ድርጅት ተዋጠ። በአገራችን አኢወማን የሚያስታውሱ አንባቢዎች አሠራሩን ያውቁታል፤ አባልነቱ፣ መፈክሩ፣ ሊቀመንበሩ ሁሉ ከላይ ይወርዳል።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። የሂትለር ወጣቶችም "ወጣት በወጣት ይመራ" ይሉ ነበር፤ ካምፕ ነበራቸው፣ ትንንሽ ቡድን ነበራቸው፣ የ15 ዓመት መሪዎች ነበሯቸው። እንግዲያው የፓትሮል ምስጢር ምኑ ላይ ነው? እኔ ልዩነቱን የማገኘው መውጣት በመቻሉ ላይ ነው። ከ1939 ጀምሮ የሂትለር ወጣት መሆን ግዴታ ነበር፤ መሪውም የሚሾመው ከላይ ነው፣ የሚፈራውም ላይኛውን ነው። ያ ልጅ የክፍል አለቃ ነው፣ ጠመንጃ የያዘ። ስካውት ግን ካልተመቸው ነገ ስካርፉን ፈትቶ ይቀራል። ለመቅረት ነፃ የሆነን ልጅ ማቆየት የሚችል መሪ ሌላ ዓይነት ሰው ነው።

ስታሊን ከሞተ በኋላ በ1956 ማኅበሩ በስሙ ተመለሰ፤ ካሚንስኪም የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ተደርጎ ተጠራ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ተነሳ። መንግሥት ስካውትን ፈልጎታል፤ የፈለገው ግን የራሱን ቀይ ስካውት ነው። ታሪኩ የሚጣፍጠው እዚህ ነው።

ያትሴክ ኩሮን ያኔ ያመነ ወጣት ኮሚኒስት ነበር። ከ1955 ጀምሮ በዋርሶ የቀይ ስካውት ቡድን መራ፤ ስሙ በአንድ ኮሚኒስት ጄኔራል የተሰየመ። ሰውየው ግን አስተማሪ ነበርና ለልጆቹ የፓትሮሉን ኃላፊነት ከልቡ ሰጣቸው፤ ይከራከሩ፣ ይወስኑ፣ ስለ ፍትሕ የተነገራቸውን እውነት ነው ብለው ይያዙ አለ። ልጆቹ ያዙት። በ1961 ባለሥልጣናቱ ደንግጠው ቡድኑን በተኑት። ከእነዚያ ልጆች አንዱ በኋላ በተቃዋሚነት እስር ቤት የሚመላለሰው አዳም ሚህኒክ ነው። ኩሮንም ራሱ በ1965 ለፓርቲው በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ታሰረ።

በከተማዋ በሌላ በኩል ደግሞ "ጥቁሯ አንደኛ" የሚባል ቡድን ነበር፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የድሮውን፣ የቅድመ ጦርነቱን ልማድ ይዞ የቆየ። ልጆቹ በአብዛኛው ካቶሊኮችና አገር ወዳዶች ናቸው፤ ማርክሲዝም አይጥማቸውም። አንቶኒ ማቼሬቪች፣ ፒዮትር ናይምስኪና ቮይቼህ ኦኒሽኬቪች እዚያ ነው ያደጉት።

በ1976 ሰኔ መንግሥት የምግብ ዋጋ ጨመረ። በራዶምና በዋርሶ ዳር ባለው የኡርሱስ ትራክተር ፋብሪካ ሠራተኛው ተነሳ። ዋጋው ወዲያው ቢመለስም ሠራተኞቹ አልተማሩም። ፖሊስ በሁለት ረድፍ ቆሞ በመካከል እያሳለፈ በዱላ ይመታቸው ነበር፤ ይህንንም "የጤና መንገድ" ብሎ ያላግጥበታል። ከዚያ ከሥራ መባረርና ፍርድ ቤት መጣ። ሐምሌ ላይ የኡርሱስ ሠራተኞች ችሎት ሲቀርቡ እነዚያ የቀድሞ ስካውቶች በኮሪደሩ ተገኙ፤ ውጭ የሚያለቅሱትን ሚስቶችና እናቶች አናገሩ። ማን ታሰረ? ስንት ልጅ አለው? የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? ስም ጻፉ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ ቤት ለቤት አደረሱ።

እዚህ ነው "በኋላ ሕይወት ምን ይጠቅማል?" ለሚለው መልሱ ያለው። በወቅቱ ዋርሶ ውስጥ መንግሥትን የሚጠላ ሰው ሞልቷል፤ በቡና ጠረጴዛ ዙሪያ ያማ ነበር። የጠፋው የማያውቀውን ሠራተኛ ቤት ሄዶ በር የሚያንኳኳ፣ የተቀበለውን ገንዘብ ሳያጎድል የሚያደርስ፣ ቢያዝ ስም የማያወጣ ሰው ነው። እነዚህ ከ13 ዓመታቸው ጀምሮ በአንድ ድስት የበሉ ናቸው፤ ማን በዝናብ እንደሚያማርር፣ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ ያውቃሉ። እንዲህ ያለ መተማመን በአንድ ሳምንት ስብሰባ አይመጣም።

በ1976 መስከረም 23 ከዚያ ሥራ የሠራተኞች መከላከያ ኮሚቴ ተወለደ። 14 ሰዎች ፈረሙ፤ በአደባባይ፣ ከነአድራሻቸው። ከፈራሚዎቹ መካከል ማቼሬቪችና ናይምስኪ አሉ፤ የጥቁሯ አንደኛ ልጆች። ያትሴክ ኩሮን አለ፤ የቀዩ ስካውት መሪ። አባ ያን ዤያ አሉ፤ በጦርነቱ ጊዜ የግራጫ ሰልፎቹ ዋና ቄስ የነበሩ ሽማግሌ። ሦስት ዓይነት ስካውት፣ በእምነት የማይገናኙ፣ በአንድ ወረቀት ላይ። ከአራት ዓመት በኋላ ሶሊዳርኖሽች የተባለው ነፃ የሠራተኞች ማኅበር ሲነሳና ወደ 10 ሚሊዮን አባላት ሲያፈራ የኮሚቴው ሰዎች ከአማካሪዎቹና ከአደራጆቹ መካከል ነበሩ።

ነገሩን በዚህ ላይ ቆርጦ ማቆም ያምር ነበር፤ ግን ሙሉ አይሆንም። ኮሚኒዝም ከወደቀ በኋላ ኩሮን የሥራ ሚኒስትር ሆነ፤ የሥራ አጦች ድጎማ በሕዝቡ አፍ በእሱ ስም ይጠራ ነበር። ማቼሬቪች በ1991 የአገር ውስጥ ጉዳይ፣ በ2015 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ። ሁለቱ ወገኖች ገና በኮሚቴው ውስጥ ሳሉ መጨቃጨቅ ጀምረው ነበር፤ በነፃይቱ ፖላንድ የመረሩ ባላንጣዎች ሆኑ። ማቼሬቪች በ1992 የቀድሞው የደኅንነት ፖሊስ ተባባሪዎች ናቸው ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር ለፓርላማ ሲያቀርብ የእነ ኩሮንና የእነ ሚህኒክ ወገን አገር የሚያፈርስ ነው ብሎ ጮኸ፤ የነበረውም መንግሥት በዚያው ሌሊት ወደቀ።